የሴይቼንቶዋ የኋላ ወንበር

የአው ዓሊዪን መኪና የኋላ ወንበር የፈታሁት እኔ ነኝ። ይህችን አጭር እውነት በሰው ፊት ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በሰዓቷ ብያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ መሬት መሬት አላይም ነበር።

ከድር እባላለሁ። የሶፊ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጫት ይተክላል። እኔ ማረሻ የሚባል ነገር እጄ አልገባም፤ ከሐረር በር ውጭ ባለው ጋራዥ ከሞተር ጋር ነው ያረጀሁት፣ ሃያ ሰባት ዓመት እርጅና ከተባለ። አው ዓሊዪ ደግሞ የጀጎል ሰው ናቸው። ጀጎል ውስጥ የተከበረ ሽማግሌ «አው» ይባላል፤ እሳቸው ስማቸው ያለ «አው» ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ልብስ ሰፊዎቹ በሞሉበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የጨርቅ ሱቅ አላቸው።

መኪናቸው ፊያት ስድስት መቶ ናት፤ እኛ ሜካኒኮች በጣሊያንኛው አፍ «ሴይቼንቶ» የምንላት። ሰማያዊ ናት፣ ክብ ናት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚገፏትም የኋላ እግሮቿ ናቸው። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚህ ጊዜ በጥቂት ነዳጅ ብዙ የምትሄድ ቆጣቢ ናት። ከመቅለሏ የተነሳ አራት ጎረምሳ ተሸክሞ ከቦይ ያወጣታል። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምህረት፣ ልጃቸው ሩቂያ በተወለደችበት ወር ስለገዟት «ሁለቱ መንትዮች ናቸው» ይላሉ። የቤታቸው መተላለፊያ ከነጭነቷ አህያ በላይ ስለማያሳልፍ መኪናዋ የምታድረው ፈረስ መጋላ፣ ዘመድ ግቢ ውስጥ ነበር።

በጥር ወር 1979 ጋራዥ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መኪናዋ እንደኔ አርጅታለች። ከድሬዳዋ ስመለስ የደንገጎን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ታርፋለች፤ ባለ ፔጆዎቹ እየሳቁ ያልፉኛል። የኔስ ግድ የለም። በመጋቢት የዓይን ሐኪሞች ድሬዳዋ ይመጣሉ ተብሏል። ባለቤቴን ወስጄ አሳክማለሁ። ስንመለስ ዓይኗ ታሽጎ ፀሐይ ላይ እንዳልገትራት አድርገህ ሥራልኝ።»

«ኢንሻአላህ» አልኳቸው። ቁልፉን ከቤት ና ውሰድ አሉኝ።

የጀጎል ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን አያውቅም። እልፍኙ ውስጥ ነደባ የሚባሉ ቀይ አፈር የተቀቡ መደቦች አሉ፤ አንዱ ከፍ ያለ ነው፣ አንዱ ዝቅ ያለ። የአባወራው ቦታ አለ፣ የሽማግሌ ቦታ አለ፣ የወጣት ቦታ አለ፣ በሩ አጠገብ ለተላኪ የተተወም አለ። የት እንደምትቀመጥ ማንም አይነግርህም፤ ያውቃል ተብሎ ነው። እኔ ጫማዬን አወለቅኩና ትራስ የበዛበትን መርጬ ዘፍ አልኩ። አው ዓሊዪ ከጓዳ ወጡ፤ አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ከእኔ ዝቅ ብለው ተቀመጡና ቁልፉን ሰጡኝ።

የማን ቦታ ላይ እንደተኮፈስኩ የገባኝ ሩቂያ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ስትስቅ ሳይ ነው። ተነስቼ ስወጣ ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ተጫማሁ። እሷ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ሳቋ የሚያዋርድ አልነበረም፤ ዓይኗ «አይዞህ» ይለኝ ነበር። ነገሬ የተበላሸው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

ሩቂያ ከከተማ ወጣ ባለችው ድሬ ጠያራ ታስተምር ነበር። ከሥራ ስትመለስ በጋራዡ በር ታልፋለች፤ የአባቷን መልእክት በደብተር ወረቀት ጽፋ ትሰጠኛለች። ከስር አንዲት መስመር የራሷ ትጨምራለች። «አባቴ ፍሬኑንም እየው ብለዋል። እኔ ደግሞ፦ ትናንት ሳልፍ ለምን ቀና ብለህ አላየኸኝም?» እኔም በዚያው ወረቀት ጀርባ «እጄ ዘይት ነበር» ብዬ መለስኩ። በማግስቱ «የምታየው በእጅህ ነው እንዴ?» የሚል መጣ። ያ ወረቀት አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ግራሶ ነክቶታል።

ወር ሳይሞላ ተስማማን። ከኢድ በኋላ አባቴ ሽማግሌ ሊልክልኝ ነበር። ነገር ግን የጀጎልን ልጅ የሶፊ ገበሬ ልጅ ሲያገባ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ከበራቸው በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እዚህ ቤት አለች ማለት ነው። የአጎቷ ልጅ ጅዳ ሱቅ አለው፤ አክስቶቿ ምንጣፉን ለሱ ለማውረድ ቸኩለዋል። ያ ምንጣፍ ለኔ ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ከሩቂያ በቀር ማንም አልነበረም። እኔ የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አው ዓሊዪ ሥራዬን ያምኑ ነበር።

እና ያን አንድ ነገር እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ከመልእክቱ ስር «ደንገጎን ሳታርፍ ብትወጣልን ደስ ይለኛል። ባለ ፔጆዎቹ እንዳይስቁባቸው» ብላ ጻፈች። የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። የፒስተኑን ቀለበቶች ቀይሬ፣ ራዲያተሩን አጥቤ፣ የሞተሩን ብናኝ ጠርጌ ብተዋት ኖሮ በደህና ትወጣው ነበር። እኔ ግን ጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ከዘውዴ ሻይ ቤት ፔጆ ሾፌሮቹ «ከድር፣ ያቺን ቁንጫ መቼ ልታበርራት ነው አቦ?» እያሉ ሲስቁ ደረቴ አበጠ። መውጣት አልበቃኝም፤ ማለፍ አማረኝ።

የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጨሁት፤ እሳቱ በጠባብ ቦታ ታፍኖ በኃይል እንዲገፋ። ከሞተች ትልቅ መኪና ላይ ሰፋ ያለ ካርቡራተር ነቅዬ አሰርኩ። ድምፅ ማፈኛውን፣ ማርሚታውን፣ አውልቄ ቀጥ ያለ ቧንቧ በየድኩ፤ ድምጿ ሰንጋ በር ድረስ ይሰማል። ሞተሩ አየር እንዲያገኝ የኋላ ክዳኑን በእንጨት ደግፌ ከፈትኩት። ሞላዎቹን በአጫጭር ቀይሬ ወገቧን ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ ክብደት መቀነስ ጀመርኩ። ፓራውልቱ ወጣ፣ ክሪኩ ወጣ፣ ከፊት ኮፈኑ ስር ያለው ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታው፣ ወጣ። በመጨረሻ የኋላ ወንበሩን ፈታሁ።

ወንበሩ ቢጫ አበባ ያለበት ቀይ ልብስ ለብሷል። ለዘውዴ «ለጊዜው አስቀምጥልኝ» አልኩት። እሱ ደግሞ ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ ግድግዳውን አስደግፎ አስቀመጠው። ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡበት። «ተነሱ» አላልኩም። እኔም አብሬያቸው ተቀምጬበታለሁ፤ ሻይ ጠጥቼበታለሁ።

በየካቲት መጨረሻ «ልሞክራት» ብዬ በድሬ ጠያራ መንገድ ነዳኋት። ሩቂያ ከትምህርት ቤት ወጥታ የጭነት መኪና ትጠብቅ ነበር። አቆምኩላት። ግራ ቀኝ አይታ ገባች፤ ገብታም ወደኋላ ዞር ስትል ባዶውን ቆርቆሮ አየች።

«ወንበሩስ?»

«አወጣሁት። እንድትቀል ነው። ይመለሳል።»

ፊቷ ጠቆር አለ። «ከድር፣ የዚያን ወንበር ልብስ እናቴ ዓይኗ ሳይደክም በእጇ የሰፋችው ነው። ከዚያ ወዲህ መርፌ አልያዘችም። አደራ።»

«ወላሂ በደህና ቦታ ነው» አልኳት።

በአላህ ስም ስምል አፌ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጦበት እንደነበር አውቃለሁ።

ከፊታችን አንድ ፔጆ ይሄድ ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ረገጥኳት፤ ሴይቼንቶዋ ጮኸችና ወደፊት ተስፈነጠረች። አለፍነው። ሩቂያ ሻሿ ወደ ትከሻዋ ወርዶ፣ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ትስቃለች፤ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ዓይኔ እሷ ላይ እንደቀረ ኩርባው ደረሰ። መሪውን ስጠመዝዝ የፊት ጎማዎቹ መሬት ያልነኩ ይመስል እምቢ አሉኝ፤ እየተንሸራተትን ሄደን የቁልቋሉ አጥር ጋ ስንደርስ ቆመች።

ስህተቱ የኔ ነው። ሞተሯ ከኋላ የሆነ መኪና ፊቷ መሬት የሚይዘው በስኮርታውና በነዳጁ ክብደት ነው። ስኮርታውን አውጥቼ፣ ነዳጁንም በጣሳ ለክቼ፣ ፊቷን ባዶ አድርጌዋለሁ። ይህን ለሩቂያ ስነግራት እንደ አስተማሪ ራሷን ነቀነቀች።

«የሚይዛትን ነው የጣልክባት» አለችኝ።

ወርዳ ጠመኔ በነካው እጇ ከመንገዱ ዳር አሸዋ ትዘግን ጀመር። የበቆሎ ጆንያ ውስጥ ሞልተን ከፊት ኮፈኑ ስር አስቀመጥን። አፉን ስናስር እጃችን ተነካካ፤ ሁለታችንም አላነሳንም። እሷ በፍቅር ነው ያላነሳችው። እኔ ስለ ወንበሩ ልነግራት ፈልጌ ነው፤ አልነገርኳትም።

የሐኪሞቹ ቀጠሮ ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ሁሉንም እመልሳለሁ ብዬ አሰብኩ። እነ አው ዓሊዪ የመጡት ግን ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው።

ከአንድ የጭነት መኪና ስር ተኝቼ ሳለ የአው ዓሊዪን ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። ነጭ ኮታቸውን ለብሰዋል። አጠገባቸው እማማ ፋጡማ፣ የሩቂያ እናት፣ ምርጥ ልብሳቸውን ለብሰው ምርኩዝ ይዘዋል። በሌላ ጎን ሩቂያ ክንዳቸውን ደግፋለች።

«ሐኪሞቹ ቀኑን አስቀደሙት» አሉኝ አው ዓሊዪ። «ዛሬ ካልደረስን ያልፈናል። መኪናዋ ደርሳለች አይደል?»

«አንድ ሰዓት... አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ» አልኩ።

«እስከዚያ ልረፍ» አሉ እማማ ፋጡማ። «እግሬ ደክሟል።»

ሾፌሮቹ ባለጌዎች አይደሉም። ሽማግሌ ሲያዩ ሁሉም ብድግ አሉ። «እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ ይሄ ይመቻል» ብለው በክብር ያስቀመጧቸው የት ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

እማማ ፋጡማ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም። እጃቸው ግን ወንበሩን ዳበሰ፤ አለፈ፤ ተመለሰ። ጣታቸው የስፌቱን መስመር ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ።

«ሩቂያ» አሉ። «ይህ ስፌት የማን ነው?»

ሩቂያ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ዓይኗን አንስታ እኔን አየችኝ።

«የኔ ነው» አሉ እናቷ ራሳቸው። «ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ ነው የምቋጥረው። ይኸው።» ጣታቸው ከቋጠሮው ትንሽ ዝቅ ሲል ሲጋራ ያቃጠለውን ቀዳዳ አገኘ፤ ገባበትም። «አስታግፊሩላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ጨርቄን ምን አገኘው?»

አው ዓሊዪ የሴይቼንቶዋን በር ከፈቱ። ባዶው ቆርቆሮ ታየ፤ የአሸዋው ጆንያ ታየ፤ በእንጨት የተደገፈው ክዳን ታየ። በቤታቸው ከኔ በቀር አንድ ሰው እንኳ ያለ ቦታው ተቀምጦ የማያውቅ ሰው፣ ባለቤታቸውን በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሊያስቀምጡ መጥተዋል። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ይህን ማነው ያደረገው?»

ዘውዴ ቆሟል፤ ሾፌሮቹ ቆመዋል፤ የጋራዡ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሟል። እኔ፣ «የማምነው ሜካኒክ» ብለው ለጀጎል ሁሉ የነገሩልኝ ሰው፣ አፌን ከፈትኩ።

«ሩቂያ ናት ያዘዘችኝ» አልኩ።

ከአፌ እንደወጣ መልሼ ልውጠው ፈለግኩ። አንዱ ሾፌር «እ...» አለ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ያላገባች የጀጎል ልጅ ለሜካኒክ መቼ፣ የት ሆና ነው የምታዝዘው? ሰው ፊት ላይ ጥያቄው ሲሄድ አየሁት። አው ዓሊዪ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ሩቂያ አላለቀሰችም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። እናቷን ደግፋ አስነሳች። ከኪሷ መሀረብ አውጥታ ከእማማ ፋጡማ ጣት ላይ የሻዩን እድፍ ጠረገችላቸው። ከዚያ በአንዱ ፔጆ፣ ከሰባት ሰው መሀል ተጣበው፣ ሦስቱም ሄዱ። እሷ ስታልፈኝ እንደ ግድግዳ አለፈችኝ።

በአራተኛው ቀን አብራት የምታስተምረው አይሻ ደብዳቤ አመጣችልኝ። «አንብበውና አትመልስላት፤ እንዲያ በይው ብላኛለች» አለችኝ። የደብተር ወረቀት ነው፤ በዚህኛው ግን የአባቷ መልእክት ከላይ አልነበረም።

«ከድር፣ እናቴ ታክማለች፤ አልሐምዱሊላህ። ድሬዳዋ እህቷ ጋ ናት። እኔ አዝዤሃለሁ፣ እውነት ነው። እውነቱን መናገርህ አይደለም ያመመኝ። አብረን የቆምን መስሎኝ ዞር ስል ብቻዬን ነበርኩ። አባቴ እስካሁን አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ እኔም ምን እንደምመልስ አላውቅም። አደራ ብዬህ ነበር።»

ጋራዡ ጀርባ ሄጄ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሶፊ ሄጄ ለአባቴ «ሽማግሌ አትላክ» አልኩት። «ምነው?» ሲለኝ «አፍሬ ነው» አልኩት። አባቴ ጫቱን እየለቀመ «ሰው ያሳፈረህ ከሆነ ያልፋል፤ አንተ ራስህን ያሳፈርክ ከሆነ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» አለኝ።

ወደ መኪናዋ ተመለስኩ። ቧንቧውን ነቅዬ የድሮውን ማርሚታ አሰርኩ። ካርቡራተሩን፣ ፓራውልቱን፣ ስኮርታውን፣ ሞላውን፣ ሁሉንም መለስኩ። የማይመለስ አንድ ነገር ቀረ፦ ቴስታታው። ጠጉር ቢላጭ ይበቅላል፤ ብረት አይበቅልም። በክዳኑና በሞተሩ መሀል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ሁለት ደርቤ ሞተሩን አረጋጋሁት እንጂ እንደነበረው አላደረግኩትም።

የወንበሩን ልብስ አወለቅኩና በሳፋ ውሃ ሦስት ጊዜ በእጄ አጠብኩት። የጋራዡ ሰዎች «ከድር ማጠቢያ ቤት ከፈተ» ብለው ሳቁ፤ ይሳቁ። የጫቱና የሻዩ እድፍ ለቀቀ። ቀዳዳው ግን ቀዳዳ ነው። ወደ መኪና ግርግር ወስጄ መሐመድ ለሚባል ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሳየሁት። ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ጫፉን አየ።

«ይህ የፋጡማ እጅ ነው» አለኝ። «በሷ ስፌት ላይ የኔን አልደርብም። ከነቀዳዳው ውሰድላት።»

«እንዴት ብዬ ፊታቸው እቀርባለሁ?» አልኩት።

«ስታስቃጥለው እንዳልፈራህ ሆነህ» አለና ወደ ስፌት መኪናው ጎንበስ አለ።

እማማ ፋጡማ ከድሬዳዋ በተመለሱ በሁለተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ሳምንት አርብ ከጁምዓ በኋላ ልብሱን አጣጥፌ ይዤ ሄድኩ። ምንጣፉ አሁንም ከበሩ በላይ ነበር። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፤ አፎቻ የሚባለው የእድራቸው ሴቶችና ሽማግሌዎች በየነደባቸው ተቀምጠዋል። አው ዓሊዪ በቦታቸው ናቸው። እማማ ፋጡማ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ትራስ ተደግፈዋል። ሩቂያ ከጓዳ ስትወጣ አየችኝ፤ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ባለችበት ቆመች። አንዲት አክስቷ «ያ የሶፊው ልጅ አይደለም?» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

አልተቀመጥኩም። ጫማዬን አውልቄ በሩ ጋ ቆምኩ።

«አው ዓሊዪ፣ የኋላ ወንበሩን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰው በተሰበሰበበት ዋሽቻለሁና ሰው በተሰበሰበበት ልናገር ነው የመጣሁት። ሩቂያ በእርስዎ መልእክት ወረቀት ላይ ያለችኝ፣ ባለ ፔጆ እንዳይስቅብዎ ደንገጎን ሳታርፍ ትውጣ ብቻ ነው። ማለፍ የፈለግኩት እኔ ነኝ። ወንበሩ መውጣቱን ስታይ የእናቴ ስፌት ነው፣ አደራ ብላኛለች። እኔ ወላሂ ብዬ ዋሸኋት። ወንበሩ ያን ጊዜ ሻይ ቤት ነበር።»

አው ዓሊዪ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ያን ቀን ይህን የት ደብቀኸው ነበር?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«እርስዎን አይደለም። ያለኝ ሁሉ ሊያመልጠኝ መሰለኝ። የእርስዎ እምነት፣ ሥራዬ፣ እሷም። ከሁሉም በፊት የጣልኩት እሷን ነው።» ልብሱን በሁለት እጄ ይዤ ቀጠልኩ። «ከኢድ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነበር። አሁን ደፍሬ አልልክም። የመጣሁት እሷ ያጠፋችው ነገር እንደሌለ ሰው እንዲያውቅ ብቻ ነው።»

«ከሶፊ መምጣትህን አንድ ቀን አልቆጠርኩብህም» አሉ አው ዓሊዪ። «ወንበሩም ወንበር ነው። ልጄን በሰው ፊት ስትጠቁምባት ግን፣ ከድር፣ እኔ ቤት ያን ቀን ከቦታዬ ላይ ተቀምጠህ እንዴት ዝም እንዳልኩህ ትዝ አለኝ። እንዳታፍር ብዬ ነበር ዝም ያልኩህ።»

ይህን ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። ሌላ ቢሰድቡኝ እችለው ነበር።

«መኪናዋስ?» አሉ።

«ደንገጎ ላይ አንድ ጊዜ ታርፋለች። የተላጨው ብረት አይመለስም።»

«አንድ ጊዜ ማረፍ ለሽማግሌ ደግ ነው» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ እማማ ፋጡማ እጃቸውን ዘረጉ። «ያን ጨርቅ አምጣው» አሉኝ። ከበሩ እስከ እሳቸው አሥር እርምጃ አይሞላም፤ የሄድኩት ግን ከሶፊ እስከ ሐረር የሚሆን ነው። ተቀበሉኝ፣ ዳበሱት፣ አሸተቱት። «ሳሙና አብዝተህበታል» አሉ። ጣታቸው ቀዳዳውን አገኘ። «ሩቂያ፣ መርፌ አምጪ። ቀይ ክር። እኔ አላይም፤ አንቺ ትሰፊዋለሽ። አንተ ጨርቁን ወጥረህ ያዝ።»

ቆሜ ያዝኩት።

«ቆሞ ጨርቅ የሚወጥር ማን አየ?» አሉ አው ዓሊዪ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ተቀመጥ።»

የት እንደምቀመጥ ግራ ገባኝ። እማማ ፋጡማ አጠገባቸው ያለውን ነደባ መታ መታ አደረጉ፤ የልጆቻቸው ቦታ ነው። ተቀመጥኩ። አክስትየዋ ሻሽዋን አስተካከለች።

ሩቂያ መጥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈች። ከጠቋሚ ጣቷ ላይ ጠመኔው አልለቀቀም ነበር። ሁለት ጊዜ ወጋች፣ ሦስት ጊዜ ወጋች፤ አላየችኝም።

«እጅህን አርቅ፤ እወጋሃለሁ» አለችኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በአፏ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ውጊኝ» አልኳት በለሆሳስ።

መርፌዋ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ሳቅ አልነበረም፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል፣ እኔ ላይም ነው ያረፈው። «ጨርቁን አጥብቀህ ያዝ» አለች። «ሁለተኛ እንዳትለቀው።»

«አልለቀውም።»

ቀዳዳው ተዘጋ። እናቷ እጃቸውን ሰደው የስፌቱን ጫፍ ፈለጉ። «ሦስት ጊዜ ቋጥሪ» አሏት። ሩቂያ አንድ ጊዜ ቋጠረች፤ ሁለተኛም ቋጠረች።

«ሦስተኛውን እሱ ይቋጥረው» አሉ እማማ ፋጡማ።

ሩቂያ ክሩን አቀበለችኝ። ዘይቱ ከጥፍሬ ስር አልለቀቀም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቴን ደበቅ ላደርግ ፈለግኩና ተውኩት። ቋጠርኩ። ከዚያም ቀና ማለት አቅቶኝ፣ አንገቴን እንደደፋሁ፣ የሩቂያ ትንፋሽ እጄ ላይ እየተሰማኝ ተቀመጥኩ።